መርዙና ብስባሴው በየፊናቸው፦ የበቆሎ ፈንገስ መልእክት አስተላላፊ በራሂዎችና ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያላቸው ትርጉም

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይዲስ የተባለው ፈንገስ የበቆሎን አገዳና ራስ ያበሰብሳል፤ በፍሬውም ውስጥ ፉሞኒሲን የተባለ መርዝ ያከማቻል። ይህ ጽሑፍ ፈንገሱ ከአካባቢው የሚቀበለውን ምልክት ወደ ሕዋሱ ውስጥ ስለሚያደርሱት በራሂዎች (ጂኖች) የታተሙ ግኝቶችን አሰባስቦ ያብራራል። ከግኝቶቹ የሚወጣው ዋና ቁም ነገር በሽታ የማምጣት ችሎታና መርዝ የማምረት ችሎታ በከፊል በተለያዩ የመልእክት መንገዶች የሚመሩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በዐይን የሚታየው ብስባሴ ማነስ የመርዙን ማነስ አያረጋግጥም። ጽሑፉ ይህ እውነታ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ለሚካሄድ የበቆሎ ምርምር ምን እንደሚያስከትልና የፈንገሱ የቅርብ ዘመድ ስለሆነው የቡና አድርቅ አምጪ ምን ጥያቄ እንደሚያስነሣ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ በቆሎ፣ ፉዛሪየም፣ ፉሞኒሲን፣ መልእክት አስተላላፊ በራሂ፣ ቡና አድርቅ

1. መግቢያ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ በቡና፣ በእንሰትና በበቆሎ መካከል ያልፋል። ቡናው ለገበያ ሲወጣ በቆሎው በአብዛኛው ለቤት ይቀራል፤ ቂጣ፣ ገንፎ፣ ንፍሮና ቦርዴ ይሆናል። ለቡናው ጥላና ርጥበት የሚሰጠው ተፈጥሮ ግን ለፈንገስም ምቹ ነው። ዝናቡ ለብዙ ወራት ስለሚዘልቅ የደረሰ በቆሎ በማሳ ላይ እንዳለ፣ ወይም በጎተራ ገብቶ ገና ሳይደርቅ፣ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

በኢትዮጵያ በቆሎ ላይ ከሚገኙት የፉዛሪየም ዝርያዎች ዋነኛው ፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይዲስ ነው። ፉሞኒሲን የተባለው መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በደቡብ አፍሪካ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምርምር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ዓመታት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) መርዙ በቅርጹ ስፊንጋኒን ከተባለው የሕዋስ ስብ መሥሪያ ጋር ስለሚመሳሰል ሴራማይድ የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም የሕዋስ ሽፋን የስብ አሠራር ይዛባል። በፈረስና በአህያ ላይ የአንጎል መበስበስን፣ በአሳማ ላይ የሳንባ ውኃ መቋጠርን ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ፉሞኒሲን ቢ1ን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት፣ ማለትም ከምድብ 2ቢ፣ መድቦታል። መርዙ ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ ተራው የቤት ውስጥ አበሳሰል አያጠፋውም።

የጉዳዩን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለፉሞኒሲን ያስቀመጠው የዕለት ጣራ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 2 ማይክሮ ግራም ነው። ስለዚህ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው የቀኑ ጣራ 120 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ይኸው ሰው በቀን 400 ግራም በቆሎ የሚመገብ ከሆነና በቆሎው በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም ፉሞኒሲን ቢይዝ፣ ወደ ሰውነቱ የሚገባው 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህም ከጣራው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ላልተፈጨ በቆሎ የወሰነው የላይኛው መጠን ግን በኪሎ ግራም 4 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ ለንግድ የተፈቀደውን መጠን ሩብ ብቻ የያዘ በቆሎ እንኳ በቆሎን ዋና ምግቡ ላደረገ ቤተሰብ ከደኅንነት ወሰን ያልፋል ማለት ነው። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር የሚመገቡት የበለጠ ስለሆነ ጫናው በእነርሱ ላይ ይበረታል።

2. ሳይታይ የሚኖር እንግዳ

ፈንገሱ ሁልጊዜ ጠላት ሆኖ አይገለጥም። በዘር ተሸጋግሮ፣ በሥር በኩል ገብቶ ወይም በበቆሎው ጸጉር አልፎ በተክሉ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። የአገዳ ቆርቁር ትል የሚከፍተው ቀዳዳ ደግሞ ሌላው ዋና መግቢያው ነው። ተክሉ በድርቅ፣ በሙቀት ወይም በነፍሳት ሲጎዳ ይኸው ጸጥተኛ እንግዳ ጠባዩን ይለውጣል። አገዳው ይላሽቃል፤ በራሱ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ መሰል ሻጋታ ይታያል፤ በአንዳንድ ፍሬዎች ላይም ከጫፍ የሚነሡ ነጫጭ ጨረሮች ይሣላሉ።

ለተመራማሪው ሁለት ጥያቄዎች የሚነሡት እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ ከጸጥታ ወደ ጥቃት መሸጋገር እንዳለበት በምን ያውቃል? መርዙን ማምረት የሚጀምረውስ ጥቃቱን ስለጀመረ ነው ወይስ በሌላ ምልክት? ሁለቱም ጥያቄዎች ወደ መልእክት አስተላላፊ በራሂዎች ይመራሉ።

3. ምልክት ከውጭ ወደ ውስጥ እንዴት ይደርሳል?

የፈንገስ ሕዋስ በሽፋኑ ላይ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ስኳርን፣ ናይትሮጅንን፣ የአሲድነትን መጠን፣ የተክሉን የመከላከያ ኬሚካሎችና የሌላ ፈንገስን የመራቢያ ጠረን ይለያሉ። ተቀባዩ ሲነቃ ከሥሩ ያለውን ጂ-ፕሮቲን ያነቃል። ጂ-ፕሮቲን አልፋ፣ ቤታና ጋማ በተባሉ ሦስት ክፍሎች የተዋቀረ ነው፤ ሲነቃ አልፋው ከሌሎቹ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች መልእክቱን ይዘው ይሄዳሉ።

ከዚህ ወዲያ ጎልተው የሚታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. መንገድ ነው። አዴኒሌት ሳይክሌዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን ትንሽ ሞለኪውል ያመርታል፤ ሞለኪውሉም ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ኢንዛይም ይፈታል። ሁለተኛው የማፕ ካይኔዝ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ሦስት ካይኔዞች በተራ አንዱ በሌላው ላይ የፎስፌት ማኅተም እያሳረፉ መልእክቱን ይቀባበላሉ፤ የመጨረሻው ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የትኛው በራሂ እንደሚነቃና የትኛው እንደሚያንቀላፋ የሚወስኑትን ፕሮቲኖች ያዛል። በእነዚህ ትእዛዞች መጨረሻ ላይ የሚገኙት ስፖር ማፍራት፣ ተክልን መውረር፣ መራባትና መርዝ ማምረት ናቸው።

መርዙን በቀጥታ የሚሠሩት የ«ፉም» በራሂዎች ናቸው። እነዚህ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ተሰባስበው ይገኛሉ፤ የሥራውን መነሻ የሚያከናውነው «ፉም1» የታወቀው በ1999 ነው። የፈንገሱ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በ2010 ሲታተም ወደ 42 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላትና ወደ 14 ሺህ የሚገመቱ በራሂዎች እንዳሉት ታይቷል። ከእነዚህ ውስጥ መልእክት አስተላላፊዎቹን ለይቶ ሥራቸውን ማወቅ ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆኗል።

4. አንድን በራሂ አጥፍቶ ሥራውን ማወቅ

የዘርፉ ዋነኛ ስልት በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ በራሂውን ከፈንገሱ አውጥቶ የጎደለውን መመልከት ነው። የፈንገሱ ሕዋሳት ግድግዳ በኢንዛይም ይሟሟል፤ በራሂውን የሚተካ ዲኤንኤ ይገባል፤ ይህም ሃይግሮማይሲን የተባለውን ጸረ ሕዋስ መድኃኒት የሚያስችል በራሂ ይዟል፤ በመድኃኒቱ ላይ ያደጉት ተለይተው ይመረመራሉ። ዛሬ ክሪስፐር የተባለው የዘረመል መቁረጫ ሥራውን ያፈጥነዋል።

ውጤቱ የሚታመነው ግን አራት ጥንቃቄዎች ሲሟሉ ነው። በመጀመሪያ፣ ተተኪው ዲኤንኤ በታለመለት ቦታ ብቻ መግባቱ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የወጣው በራሂ ወደ ፈንገሱ ሲመለስ የጠፋው ጠባይም አብሮ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ለውጡ ከሌላ ስሕተት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ዝግ ብሎ የሚያድግ ፈንገስና በሽታ ማምጣት ያቆመ ፈንገስ አንድ አይደሉም፤ ማንኛውም ሕዋስ ዕድገቱ ከተጎተተ ጥቃቱም ይጎተታል። አራተኛ፣ የመርዝ መጠን በፍሬ ክብደት ብቻ ሳይሆን በፈንገሱ ብዛትም መካፈል አለበት፤ አለበለዚያ «መርዝ ቀነሰ» የሚባለው «ፈንገስ አነሰ» ማለት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

5. ሦስት በራሂዎች፣ ሦስት የተለያዩ መልሶች

በዚህ ስልት ከተጠኑት መካከል ሦስቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል።

ሀ) «ጂቢቢ1»። ይህ በራሂ የጂ-ፕሮቲንን ቤታ ክፍል ይሠራል። በ2007 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በራሂው ሲጠፋ የፉሞኒሲን ቢ1 ምርት ይወድቃል፤ የፈንገሱ ድርም አስተዳደግ ይለወጣል። አገዳን የማበስበስ ችሎታው ግን አይጠፋም። ማለትም መርዙ ሲሄድ በሽታው ይቀራል።

ለ) «ኤፍኤሲ1» እና «ሲፒኬ1»። የመጀመሪያው አዴኒሌት ሳይክሌዝን፣ ሁለተኛው የፕሮቲን ካይኔዝ ኤን ሥራ ፈጻሚ ክፍል ይሠራል። በ2010 የታተመው ጥናት የሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. መንገድ ለስፖር ማፍራት፣ ተክልን ለመውረርና ለአካባቢ ጫና ምላሽ ለመስጠት አስፈላጊ መሆኑን፣ ለፉሞኒሲን ምርት ግን አስፈላጊ አለመሆኑን አሳይቷል። ይህ ከቀደመው ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ በሽታው ሲዳከም መርዙ ይቀራል።

ሐ) «ኤፍቪኤምኬ1»። ይህ ማፕ ካይኔዝ ነው። በ2011 በታተመው ጥናት በራሂው የጠፋበት ፈንገስ ስፖር አፈራሩ ተዛብቷል፤ የመርዝ ምርቱ ቀንሷል፤ በአገዳ ላይ በተከፈተለት ቁስል እንኳ ገብቶ መሰራጨት አልቻለም። እዚህ ላይ ሁለቱም ጠባዮች አብረው ተዳክመዋል። የቁስሉ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል፤ የተከፈተ በር ለፈንገሱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ከገባ በኋላም የሚመራው መልእክት እንደሚያስፈልገው ያሳያልና።

በእነዚህ ላይ ሌሎችም ይጨመራሉ። ሳይክሊን መሰል ፕሮቲን የሚሠራው «ኤፍሲሲ1» ሲጠፋ መርዙም ስፖሩም ይቀንሳል፤ ይህ በ2001 የታወቀ ነው። በ2006 የተገለጸው «ኤፍኤስአር1» ደግሞ ለአገዳ ብስባሴና ለፈንገሱ ጾታዊ መራባት አስፈላጊ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ በሽታና መርዝ በአንድ ገመድ የታሰሩ አለመሆናቸው ነው። ሁለቱን የሚያገናኙ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ «ኤፍቪኤምኬ1» አንዱ ነው። ከመገጣጠሚያው በኋላ ግን መንገዱ ይከፈላል።

6. ፍሬው ራሱ የሚሰጠው ምልክት

ፈንገሱን መርዝ እንዲያመርት የሚቀሰቅሱት ምልክቶች በከፊል ይታወቃሉ። ናይትሮጅን ሲበዛ ምርቱ ይታገዳል፤ ሲያንስ ይፈቀዳል። አሲድነት ሲጨምር መርዙ ይጨምራል፤ «ፓክ1» የተባለው የአሲድነት ተቆጣጣሪ በራሂ ሥራ ላይ ሲሆን ምርቱን እንደሚገታ በ2003 ታይቷል። ከፍሬው ስታርች ውስጥ አሚሎፔክቲን የተባለው ክፍል ደግሞ ምርቱን እንደሚያነሣሣ በ2005 ተገልጿል።

እነዚህን ሦስት ነጥቦች ወደ ማሳ ብናወርዳቸው አንድ ትርጉም ይሰጣሉ። እሸት የሆነ ፍሬ ስታርቹ ገና አልተጠራቀመም፤ ስለዚህ ለመርዝ ምርት ያን ያህል አይመችም። ፍሬው እየበሰለ ስታርች ሲሞላ፣ ፈንገሱም ስታርቹን እየበላ አካባቢውን አሲዳማ ሲያደርግ፣ ለመርዙ ምርት የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች ይሟላሉ። እንግዲህ አደገኛው ጊዜ ፍሬው ከሞላበት እስከ ደረቀበት ያለው ነው። በቴፒና በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ይህን ጊዜ የሚያራዝመው ዝናቡ ነው። ቶሎ ሰብስቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አየር በሚያገኝ ቦታ ማድረቅ የሚመከረው ለተባይ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ይህን የመልእክት መስኮት ለማጥበብም ጭምር ነው።

7. ከበቆሎ ወደ ቡና

ፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይዲስ ፉጂኩሮይ በተባለው የፉዛሪየም ዝርያዎች ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይዲስ ይገኛል፤ ይህም ቡናን የሚያደርቀው ነው። በሽታው በመጀመሪያ የታየው በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው። በኢትዮጵያ በ1957 ሲገለጽ ለሌላ ፉዛሪየም ተሰጥቶ ነበር፤ ትክክለኛው ማንነቱ በ1973 ተረጋገጠ። ቡናው ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ይጀምራል፤ ልጡ ሲገፈፍ እንጨቱ ጠቁሮ ይታያል። አረም ሲመነጠር በገጀራ ወይም በሌላ ስለት ግንዱ ላይ የሚደርሰው ቁስል የታወቀ መግቢያው ነው።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ግርማ አዱኛና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት በዐረቢካ ላይ ያለው የፈንገሱ ወገንና በሮቡስታ ላይ ያለው ወገን አንዱ የሌላውን ተክል እንደማያጠቃ አሳይተዋል። በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ይህ የተክል ምርጫ የተፈጠረው በከፊል ከፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ወደ ቡናው ፈንገስ በተሻገሩ በራሂዎች እንደሆነ አመልክቷል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። በበቆሎ ፈንገስ ላይ «ኤፍቪኤምኬ1» ከቁስል ወዲህ ያለውን መሰራጨት የሚመራ ከሆነ፣ በፉዛሪየም ኦክሲስፖረምም ተመሳሳዩ «ኤፍኤምኬ1» ሲጠፋ ፈንገሱ የቲማቲምን ሥር ጥሶ መግባት እንደሚሳነው በ2001 ከታየ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የቡናው ፈንገስ በዚሁ መንገድ ይመራል ብሎ መነሣት ምክንያታዊ መላ ምት ነው። መላ ምቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ ቡናን የሚያጠቁ ወገኖች የሚለያዩት በመልእክቱ መንገድ ሳይሆን በመንገዱ መጨረሻ በሚታዘዙት መሣሪያዎች ነው ማለት ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ በቆሎና ቡና ጎን ለጎን በሚበቅሉበት ምድር ሁለቱን ፈንገሶች አብሮ ማጥናት ለዚህ ያመቻል።

8. በአካባቢው ሊሠራ የሚችለው

በራሂ የማጥፋት ሥራ የደኅንነተ ሕይወት ደንብ ያለው ላቦራቶሪ ይጠይቃል፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው ቁጥር 896/2007 የሚመለከቱትም ነው። የፈንገስ ናሙና ወደ ውጭ ከመላኩ በፊትም ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መታየት አለበት። ይሁንና በራሂ ሳይነካ ሊሠራ የሚችለው ጥቂት አይደለም። ለአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቃ ዕቅድ እንደሚከተለው ሊቀረጽ ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ከቤንች ሸኮና ከሸካ ማሳዎች የበሰበሱና ደኅና የሚመስሉ ራሶች በጥንድ ይሰበሰባሉ፤ ደኅና የሚመስለው የግድ መካተት አለበት፤ የሸማቹ ምግብ እርሱ ነውና። ቀጥሎ ፈንገሱ ከአንድ ስፖር ተነሥቶ በንጽሕና ይበቅላል፤ ማንነቱ በዲኤንኤ ይረጋገጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን በሁለት ፈተና ያልፋል፤ አንዱ በአገዳ ላይ የሚያደርሰው ብስባሴ፣ ሌላው በተሰነጠቀ ፍሬ ላይ የሚያመርተው ፉሞኒሲን ነው። መርዙ በኤላይዛ፣ የፈንገሱ ብዛት በመጠናዊ ፒ.ሲ.አር. ይለካል። በመጨረሻም «ፉም1»፣ «ጂቢቢ1»ና «ኤፍቪኤምኬ1» በእሸትና በበሰለ ፍሬ ላይ ምን ያህል እንደሚሠሩ ይነጻጸራል። ብዙ የሚያበሰብሱ ግን ጥቂት መርዝ የሚያመርቱ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆኑ ወገኖች ከተገኙ፣ በላቦራቶሪ የታየው ክፍፍል በተፈጥሮም እንዳለ ይመሰክራሉ።

ይህ ለዝርያ ማሻሻል ሥራም ይጠቅማል። የበቆሎ ዝርያ በሽታን መቋቋሙ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በራሱ ላይ በሚታየው የብስባሴ ስፋት ነው። ሁለቱ ጠባዮች የሚለያዩ ከሆነ ግን በብስባሴ ነጥብ ብቻ የተመረጠ ዝርያ ንጹሕ መስሎ መርዝ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በባኮ፣ በጅማ ወይም በቴፒ የሚደረግ የዝርያ ሙከራ ቢያንስ በመጨረሻው የምርጫ ደረጃ የመርዝ ልኬትን እንደ ራሱ የቻለ መመዘኛ ቢይዝ ይመረጣል።

መልእክት አስተላላፊ በራሂን የቁጥጥር ዒላማ ማድረግ ሌላው የረጅም ጊዜ ተስፋ ነው። በ2017 ሌላ ፈንገስ የሚያመርተውን አፍላቶክሲን በሚመለከት በቆሎው ራሱ የፈንገሱን መርዝ ሠሪ በራሂ ጸጥ እንዲያሰኝ ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል። ይሁን እንጂ መልእክት አስተላላፊዎች ከፈንገስ እስከ ሰው የሚመሳሰሉ ጥንታዊ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ ዒላማው በፈንገሱ ብቻ የሚገኘውን የበራሂውን ክፍል ለይቶ መምረጥ አለበት። የመንገዱ ምርጫም ወሳኝ ነው፤ የሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. መንገድን ብቻ የሚዘጋ ዘዴ ማሳውን አሳምሮ መርዙን ሊተው ይችላል።

9. ማጠቃለያ

በፉዛሪየም ቨርቲሲሊዮይዲስ ላይ የተደረጉት የበራሂ ጥናቶች አንድ የተለመደ ግምት አፍርሰዋል። በሽታው ከቀነሰ መርዙም ይቀንሳል የሚለው ግምት አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። «ጂቢቢ1» መርዙን፣ የሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. መንገድ በሽታውን፣ «ኤፍቪኤምኬ1» ሁለቱንም ይመራሉ። በቆሎ የዕለት እንጀራ በሆነበት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት በተግባር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ዝርያን በብስባሴና በመርዝ ለየብቻ መመዘን፣ ፍሬው ከሞላበት እስከ ደረቀበት ያለውን ጊዜ ማሳጠር፣ ደኅና የሚመስለውንም በቆሎ ከናሙና አለማስቀረት ናቸው። ለምርምሩ ደግሞ በበቆሎው ፈንገስ ላይ የተገኘው ዕውቀት በዚያው ማሳ ዳር ወደሚደርቀው ቡና መሻገሪያ ይሆናል።